ጨለማ ያላስቆመው ጨዋታ

ክቡራትና ክቡራን፣ የፊልም ወዳጆች፣

እንኳን ደህና መጣችሁ። የምናየው ፊልም «ኢፈስ» ይባላል። ካርሰን ለንድ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በካን የፊልም ፌስቲቫል ለተመልካች ቀርቧል።

ቤዝቦል የማታውቁ አትስጉ። ማን አሸነፈ ብላችሁ የምትጨነቁበት ፊልም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ቅጠል በሚረግፍበት በኦክቶበር ወር ሁለት የአማተር የቤዝቦል ቡድኖች ይገናኛሉ። አብዛኞቹ ሆዳቸው የገፋ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ጎልማሶች ናቸው። ሜዳው ሊፈርስ ስለሆነ የመጨረሻ ጨዋታቸው ነው።

በሜዳው ላይ የሚሠራው ትምህርት ቤት ነው። ይህን ምርጫ እጅግ አደንቃለሁ። ስግብግብ ባለሀብት ቢሆን ኖሮ እርሱን ረግመን ይወጣልን ነበር። ትምህርት ቤትን ግን ማን ይረግማል? የእነዚህ ሰዎች ኀዘን የሚያርፍበት ጠላት የለውም፤ ስለዚህ ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ቢራ ይጠጣሉ። «ትናፍቀኛለህ» የምትለዋን ቃል ለማውጣት የሚደፍር የለም።

ኢፈስ የውርወራ ስም ነው። ወርዋሪው ኳሷን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ በዝግታ ይለቃታል። መቺው ለፈጣን ኳስ የተዘጋጀ ነውና ቸኩሎ ይሰነዝራል፤ ዱላው ባዶ አየር ይመታል፤ ኳሷ ገና እየመጣች ነው። ያስታወቃት የፒትስበርግ ፓይሬትስ ቡድን ወርዋሪ ሪፕ ሲዌል ነበር። የእርሱንም ኳስ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ቦስተን በሚገኘው ፌንዌይ ፓርክ በተደረገው የኮከቦች ጨዋታ፣ መቺው ቴድ ዊሊያምስ ከአጥር ማዶ ሰድዶበታል። በፊልሙ ውስጥ ብቅ የሚለው የቀድሞው የቦስተን ሬድ ሶክስ ቡድን ወርዋሪ ቢል ሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ የቤዝቦል ዋንጫ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ይህንኑ ዘገምተኛ ኳስ ወርውሮ ቶኒ ፔሬዝ መትቶበታል። ፊልሙም እንደዚያች ኳስ ነው፤ አትቸኩሉበት።

ፍራኒ የሚባሉትን አዛውንት ልብ በሉልኝ። ተጫዋች አይደሉም። ከሜዳው ዳር ተቀምጠው እያንዳንዱን ምት በመዝገባቸው ያሰፍራሉ። ሊጉ ነገ አይኖርም፤ መዝገቡንም የሚጠይቃቸው የለም። እርሳቸው ግን አንዲት ምት አያልፋቸውም። ዳኞቹ ሰዓታችን አበቃ ብለው ሲሄዱ ተነሥተው የሚዳኙትም እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ ይጨልማል። ኳሷ አትታይም። ውጤቱ እኩል ነው፤ ትተው ቢሄዱ የሚወቅሳቸው አልነበረም። እነርሱ ግን መኪኖቻቸውን ወደ ሜዳው ያስጠጉና የፊት መብራት ያበራሉ። ፊልሙን ሳየው ከሁሉ የቀረልኝ ያ ብርሃን ነው፤ ሣሩን ብቻ ያሳያል፤ ኳሷ ከፍ ስትል ጨለማው ይውጣታል፤ ሁሉም አንጋጦ ይጠብቃል።

አመሰግናለሁ። መብራቱ ይጥፋልን።