ጂኑ ታፍኗል ለማለት ምን ማስረጃ ይበቃል?

የተከበራችሁ መምህራንና ተመራማሪዎች፣ ውድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፤ ከስድስት ኪሎም ከጥቁር አንበሳም ተነሥታችሁ አራት ኪሎ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ርእሳችን አጭር ጣልቃ ገብ አርኤንኤ፣ በላቦራቶሪ አፍ ኤስአይ አርኤንኤ የምንለው፣ እና በእርሱ አንድን ጂን ማፈን፣ ማለትም ሥራውን ዝቅ ማድረግ፣ ነው። ስለ አሠራሩ የሚያስረዳ ጽሑፍ ሞልቷል። እኔ ማተኮር የምፈልገው ሙከራው አልቆ ውጤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ በሚነሣው ጥያቄ ላይ ነው፦ ያየነው ለውጥ የመጣው በእርግጥ ካፈንነው ጂን ነው ወይስ ከሌላ ነገር? የዚህ መልስ የሚዘጋጀው ግዢው በሚጠየቅበት ቀን ነው። ዕቃው ከውጭ እስኪገባ ወራት በሚፈጅበት አገር ኮንትሮሉን፣ ማለትም ማነጻጸሪያውን፣ ረስቶ ማዘዝ የአንድ ተማሪን የመመረቂያ ጊዜ ይበላል።

መነሻውን በአጭሩ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሥራ ላይ፣ የፔቱኒያ አበባ ቀለሟ እንዲደምቅ የቀለም ጂን ቢጨመርላት አንዳንዶቹ አበቦች ጭራሽ ነጭ ሆነው ወጡ። ምክንያቱ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ ሲ ኤሌጋንስ በምትባለው ትል ላይ ጂኑን የሚያፍነው ባለ ድርብ ሰንሰለት አርኤንኤ መሆኑን አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። በሰው ሴል ላይ ግን ይኸው መንገድ እንቢ ብሎ ነበር። ከ30 ጥንድ ፊደል በላይ የሚረዝም ድርብ አርኤንኤ ሲገባበት፣ የሰው ሴል ቫይረስ እንደገባበት ቆጥሮ ኢንተርፌሮን የሚባለውን የመከላከያ ፕሮቲን ያስነሣል፣ ፕሮቲን ማምረቱንም በጅምላ ያቆማል። መውጫውን እ.ኤ.አ. በ2001 ያገኘው የቶማስ ቱሽል ቡድን ነው፤ 21 ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ ፊደል) ብቻ የሆነውን አጭሩን ቅርጽ በቀጥታ አስገቡ፣ ሠራ።

ያ ቅርጽ 19 ጥንድ አለው፤ በሁለቱም ሰንሰለቶች የ3 ፕራይም ጫፍ (የመጨረሻው ጫፍ፤ የመጀመሪያው 5 ፕራይም ይባላል) ላይ ደግሞ ያልተጣመሩ ሁለት ሁለት ኑክሊዮታይዶች ይተርፋሉ። ሴል ውስጥ ሲገባ ሪስክ የሚባለው የፕሮቲን ስብስብ ይቀበለዋል፤ አንዱ ሰንሰለት ይጣላል፣ ሌላው መሪ ሆኖ ይቀራል። መሪው ተመጣጣኙን መልእክተኛ አርኤንኤ፣ የፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዙን የሚሸከመውን፣ ሲያገኝ የሪስክ ቆራጭ ፕሮቲን የሆነው አርጎኖት 2 ከመሪው 5 ፕራይም ጫፍ ተቆጥሮ በ10ኛውና በ11ኛው መካከል ይቆርጠዋል። ይህን የመቁረጫ ቦታ በአእምሯችሁ ያዙት፤ ልኬት ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ማጣሪያ፦ የምትሠሩበት ፍጥረት ይህ መሣሪያ አለው ወይ? ለአገራችን ተመራማሪ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። የወባ ተውሳክ የሆነው ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ረጅሙን ድርብ አርኤንኤ የሚቆራርጠው ዳይሰርም አርጎኖትም የለውም። በሁመራና በመተማ ሕዝባችንን የሚጎዳው የካላዛር ተውሳክ፣ ሌሽማንያ ዶኖቫኒም እንዲሁ። በእነዚህ ተውሳኮች ላይ የየትኛውም ኩባንያ ኤስአይ አርኤንኤ ቢጨመር ቆራጩ የለምና አይሠራም፤ ለውጥ ታየ ከተባለም ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለግ። የእንቅልፍ በሽታ ተውሳክ የሆነው ትራይፓኖሶማ ብሩሲ ግን መሣሪያው አለው።

ይህ ማለት ካላዛርን በዚህ ዘዴ ማጥናት አይቻልም ማለት አይደለም። ተውሳኩ የሚኖርበት ማክሮፋጅ የሰው የመከላከያ ሴል ነውና የሰውየውን ጂን ማፈን ይቻላል። ወባም በትንኟ በኩል ትጠናለች። ትንኝ ደግሞ በዋጋ ትቀላለች፤ እንደ ሰው ሴል ኢንተርፌሮን ስለሌላት ከ300 እስከ 500 ጥንድ የሚሆን ረጅም ድርብ አርኤንኤ በቀጥታ ይወጋባታል። የሁለቱንም ፕራይመሮች (የፒሲአር መነሻ ቁራጮች) ጫፍ በቲ7 ፕሮሞተር፣ አርኤንኤ መሥራት በሚጀመርበት ቅደም ተከተል፣ አስጀምራችሁ፣ በፒሲአር አብዝታችሁ፣ አርኤንኤውን እዚሁ መሥራት ትችላላችሁ። የተለመደው መጠን በማይክሮሊትር 3 ማይክሮግራም ከሆነው ላይ 69 ናኖሊትር ደረቷ ላይ መውጋት ነው፤ ኮንትሮሏ በትንኝ ውስጥ የሌለ ጂን፣ ለምሳሌ የጂኤፍፒ፣ ድርብ አርኤንኤ የተወጋች ትንኝ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችውንና በከተማ የምትራባውን አኖፊለስ እስቴፈንሲን ለማጥናት ይህ መንገድ ቢሞከር ብዬ ከልቤ እመኛለሁ።

ቀጥሎ የምናገረው ስለ ሰው ሴል ነው።

ቅደም ተከተሉን ስትመርጡ የጂሲ መጠኑ (የጂና የሲ ፊደሎች ድርሻ) ከ30 እስከ 52 ከመቶ ይሁን። የመሪው ሰንሰለት 5 ፕራይም ጫፍ በኤና በዩ ፊደሎች የላላ ይሁን፤ ሪስክ ጫፉ የላላውን ሰንሰለት አስቀርቶ ሌላውን ይጥላልና። ይህ ከተገለበጠ የሚቀረው የተሳሳተው ሰንሰለት ነው፤ ኤስአይ አርኤንኤው ጥሩ ሆኖ ሳለ ዒላማው አይነካም። ዛሬ ይህን ሶፍትዌር ይሠራዋል፤ ሆኖም የሚሰጣችሁን ዝርዝር በዓይናችሁ ሳታዩ አትዘዙ።

ስለ ሴሎቹ ደግሞ ከተማችን ራሷ የምታመጣው ጣጣ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሴሎቹ በሚያድጉበት ኢንኩቤተር ውስጥ ካለው አየር በእርግጥ 5 ከመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆንም፣ ሚዲየሙ (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) የሚያገኘው በባሕር ጠለል ላይ 3.8 ከመቶ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ፒኤችው በ0.1 ገደማ ወደ አልካሊ ይወጣል። አንዳንድ ኢንኩቤተሮች፣ በተለይ የኢንፍራሬድ ሴንሰር ያላቸው፣ በአስተካከላቸው ምክንያት ይህን ሳይታወቅ ያካክሱታል፤ ሌሎቹ አያካክሱም። ስለዚህ የማሽኑን ቁጥር ትታችሁ ሚዲየሙን ጠይቁት። በጠርሙስ ክዳኑን አላልታችሁ አሳድሩትና ጠዋት ፒኤችውን ለኩ። የሚዲየሙ ቀለም ወደ ሐምራዊ ያደላ ሮዝ ከሆነ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ 6.5 ከመቶ እያስጠጋችሁ ደግማችሁ ለኩ። በዚህ የተጨነቀ ሴል ላይ፣ ኤስአይ አርኤንኤውን ወደ ሴል የሚያስገባው ሊፒድ ሲጨመርበት ይሞታል፤ ሞቱም ጂኑን በማፈን እንደመጣ ይጻፋል። ዕቃ በእንፋሎት የምናመክንበት አውቶክሌቩም እንደዚሁ ነው፤ ጌጁ 15 ፒኤስአይ ማሳየቱን ብቻ አይተን የምናመክን ከሆነ እዚህ የሚደርሰው ወደ 117 ዲግሪ ነው። 121ን ለማግኘት ከ18 ፒኤስአይ በላይ ይጠይቃል።

ትራንስፌክሽኑን፣ ማለትም ኤስአይ አርኤንኤውን ወደ ሴል ማስገባቱን፣ በቅርብ እንየው። ባለ 24 ጉድጓድ ፕሌት ላይ፣ ሂላ የሚባለውን የሰው ካንሰር ሴል ይዘን፣ በ10 ናኖሞላር እንሠራለን እንበል። በጉድጓድ 6 ፒኮሞል ያስፈልጋል፤ ጠቅላላው ይዘት 600 ማይክሮሊትር ነው። ከ20 ማይክሮሞላር ክምችት በቀጥታ ከተወሰደ 0.3 ማይክሮሊትር ይሆናል። ይህን በትክክል የሚቀዳ እጅም ፒፔትም የለም፤ በአንዱ ጉድጓድ እጥፍ ይገባል፣ በሌላው ጫፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ 2 ማይክሮሞላር አድርጋችሁ አቅጥኑና 3 ማይክሮሊትር ውሰዱ፤ ይልቁንም ለሁሉም ጉድጓድ በአንድ ቱቦ አዘጋጅታችሁ 10 ከመቶ ትርፍ ጨምሩበት። ኤስአይ አርኤንኤውን በ50 ማይክሮሊትር ሴረም በሌለው ሚዲየም፣ 1 ማይክሮሊትር ሊፒዱን በሌላ 50 አቅጥኑ፤ ቀላቅላችሁ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በክፍል ሙቀት ጠብቁ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጣችሁ በላዩ ላይ በ500 ማይክሮሊትር የተበተኑ 40 ሺህ ያህል ሴሎች ጨምሩ። ቅልቅሉ በሚዘጋጅበት ሰዓት ሴረም ከገባ ሊፒዱ ከሴረሙ ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። ሚዲየሙ አንቲባዮቲክ ካለው ደግሞ ሊፒዱ አንቲባዮቲኩንም ወደ ሴል ያስገባዋል፤ ብዙ ጊዜ ለሴሎች ሞት ሰበቡ ይህ ነው።

መጠኑን በመገመት አትወስኑ። 1፣ 5፣ 10 እና 25 ናኖሞላር ሞክራችሁ፣ የሚሠራውን ዝቅተኛውን ያዙ። ከዚያ በላይ በጨመራችሁ ቁጥር ዒላማው ብዙም አይቀንስም፤ ያልታሰቡ ጂኖች ግን ይነካሉ።

ወደ ልኬቱ። መልእክተኛው አርኤንኤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት፣ ፕሮቲኑ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይለካል። ዕድሜው ረጅም የሆነ ፕሮቲን አርኤንኤው ጠፍቶም ለቀናት ይቆያል፤ በዌስተርን ብሎት (በፕሮቲን መለኪያው) አልቀነሰም ብላችሁ ኤስአይ አርኤንኤውን አትጣሉ። በሌላ በኩል ሴሉ እየተከፋፈለ ሲሄድ ኤስአይ አርኤንኤው ይሳሳል፤ ቶሎ በሚራባ ሴል ከሳምንት በኋላ አፈናው እየላላ ነው። የአርኤንኤ መጠን በሚለካው ሪል ታይም ፒሲአር፣ ዴልታ ዴልታ ሲቲ (ከኮንትሮሉ ጋር ያለው የዙር ልዩነት) 1 ሲሆን ግማሹ ቀርቷል፣ 2 ሲሆን ሩቡ፣ 3.3 ሲሆን አንድ አስረኛው። አሁን ያንን የመቁረጫ ቦታ አስታውሱ። ሲዲኤንኤውን (ለልኬት ከአርኤንኤው የሚቀዳውን ዲኤንኤ) የኤ ፊደሎችን ጅራት በሚይዘው ኦሊጎ ዲቲ የምትሠሩ ከሆነ፣ ከተቆረጠበት ወዲህ ያለው የ3 ፕራይም ቁራጭ ጅራቱ አብሮት ስላለ ሳይበሰብስ ከቆየ ይቆጠራል። ፕራይመሮቻችሁ እዚያ ላይ ካረፉ፣ የተሳካ አፈና እንዳልተሳካ ሆኖ ይታያችኋል። ፕራይመሮቹ መቁረጫውን ያካትቱ ወይም ከእርሱ ወደ 5 ፕራይም በኩል ይሁኑ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል። መሪው ሰንሰለት ከ2ኛው እስከ 8ኛው ባለው ክፍሉ፣ ሲድ በሚባለው፣ ብቻውን ከሌሎች መልእክተኛ አርኤንኤዎች ጅራት ክፍል (ፕሮቲን ከማይጻፍበት የ3 ፕራይም ክፍል) ጋር ይገጥማል፤ ልክ እንደ ማይክሮ አርኤንኤ። ሰባት ፊደል ብቻ ስለሆነ የሚገጥመው ጂን ብዙ ነው። በብላስት፣ ተመሳሳይ ቅደም ተከተል በሚያፈላልገው ፕሮግራም፣ ፈልጌ ንጹሕ ሆኖ አገኘሁት ማለት ከዚህ አያድንም፤ ብላስት የሚፈልገው ረጅም ግጥምጥምን ነውና። በዘፈቀደ የተቀናበረው፣ ዒላማ የሌለው ኮንትሮልም የራሱ ሲድ አለው፤ ስለዚህ ያ ኮንትሮል የሚያሳየው የሊፒዱንና የአርኤንኤውን ጠቅላላ ጫና እንጂ የእናንተን ሲድ ጥፋት አይደለም።

ታዲያ ምን ይበቃል? በአንድ ጂን ላይ በተለያየ ቦታ የሚያርፉ ቢያንስ ሁለት ኤስአይ አርኤንኤዎች ለየብቻ ተሞክረው አንድ ዓይነት ለውጥ ማምጣት አለባቸው። አራቱን ቀላቅሎ በአንድ ጉድጓድ መጨመር ይህን አይተካም። ለእያንዳንዱ ደግሞ ሲ911 የሚባለውን ኮንትሮል እዘዙለት፤ 9ኛው፣ 10ኛውና 11ኛው ቤዝ በተመጣጣኛቸው ተተክተው የተሠራ ነው። ሲዱ እንዳለ ስለሚቀር ያልታሰበውን ጥፋት ይደግመዋል፣ ዒላማውን ግን መቁረጥ ያቅተዋል። ለውጡ በሲ911ም ከታየ፣ ያ ውጤት ከጂናችሁ አይደለም፤ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት። ከሁሉ የሚበልጠው መመለስ ነው፤ ኤስአይ አርኤንኤው በጅራቱ ክፍል እንዲያርፍ ታደርጉና ጅራት የሌለውን የጂኑን ኮድ በፕላዝሚድ (ጂን በሚሸከም ክብ ዲኤንኤ) ታስገባላችሁ። ፕሮቲኑ ተመልሶ ለውጡም ከተመለሰ፣ ጂኑ ነው ማለት ይቻላል። በእኔ ግምት ሦስት ጊዜ የተደገመ ሙከራን አምስት ጊዜ ከመድገም፣ በዚያው ገንዘብ ሁለተኛውን ኤስአይ አርኤንኤና ሲ911ን መግዛት ይሻላል። የተሳሳተን ነገር ብዙ ጊዜ መድገም ይበልጥ ያሳምን ይሆናል እንጂ አያርመውም።

ማክሮፋጅ ላይ ለምትሠሩ አንድ ተጨማሪ አለ። እነዚህ ሴሎች የውጭ አርኤንኤን በቲኤልአር 7 እና 8 ተቀባዮቻቸው ያውቃሉ፤ ጂና ዩ የበዛበት ቅደም ተከተል ያስቆጣቸዋል። የኢንተርፌሮን ምልክት የሆኑትን ኦኤኤስ1ንና አይኤፍአይቲ1ን በሪል ታይም ፒሲአር ለኩ፤ ከፍ ካሉ፣ የተውሳኩ መቀነስ ከኢንተርፌሮን ሊሆን ይችላል።

ስለ አቀማመጥ አጭር ነገር። ደርቆ የመጣ ኤስአይ አርኤንኤ በክፍል ሙቀት ሳምንታትን ይችላል፤ በመንገድ ቢዘገይ አትደንግጡ። ሊፒዱ ግን በ4 ዲግሪ ይቀመጥ እንጂ ፈጽሞ በረዶ አይሁን፤ እሽጉን እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ያበላሸዋል። ደረቁን ከመክፈታችሁ በፊት ቱቦውን በሴንትሪፉጅ አሽከርክራችሁ ዱቄቱን ወደ ታች አውርዱት፣ ክዳኑ ላይ የተጣበቀው ዱቄት ይበንናልና። 5 ናኖሞሉን በ250 ማይክሮሊትር ብታሟሙት 20 ማይክሮሞላር ይሆናል። ወዲያውኑ 10፣ 10 ማይክሮሊትር ከፋፍላችሁ አስቀምጡት፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የሚቀልጠው ሁሉም እንዳይሆን፣ አንዱን ቱቦም ደጋግማችሁ እንዳታቀልጡ።

የመጨረሻው ሐሳቤ ስለ ግዢው ነው። 5 ናኖሞል፣ በጉድጓድ 6 ፒኮሞል ከሆነ፣ ከ800 ጉድጓድ በላይ ይሠራል። ያን ያህል አንድ ተማሪ አይጨርስም። ዒላማ የሌለው ኮንትሮል፣ እንዲሁም የትራንስፌክሽኑን መሥራት የሚያሳየው፣ ሲታፈን ሴሉን የሚገድለው የፒኤልኬ1 ጂን ኤስአይ አርኤንኤ (ሴሎቹ በ48 ሰዓት ካልሞቱ ኤስአይ አርኤንኤው አልገባም ማለት ነው) ለሁሉም ላቦራቶሪ አንድ ናቸው። አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎና ጥቁር አንበሳ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። እነዚህን ሁለቱን በጋራ አንድ ጊዜ አዝዘን፣ 10 ማይክሮሊትር በያዙ ቱቦዎች ብንካፈላቸው እያንዳንዱ ቱቦ ለ33 ጉድጓድ ይበቃል፤ የየላቦራቶሪው ገንዘብም ለሁለተኛው ኤስአይ አርኤንኤና ለሲ911 ይተርፋል። በዚህ የምትስማሙ ካላችሁ፣ ከጥያቄዎቹ በኋላ ስማችሁንና የምትሠሩበትን ሴል ጻፉልኝ፤ ዝርዝሩን ዛሬውኑ እንጀምር። አመሰግናለሁ።