ፓምፍሌት፦ ከበራሪ ወረቀት የሚበልጥ፣ ከመጽሐፍ የሚያንስ

[ምስል፦ ሁለት እጆች ነጭ ወረቀት ሲያጥፉ]

ተራኪ፦ አንድ ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል። እንዲህ የታጠፉ ጥቂት ወረቀቶችን አንዱን በሌላው ውስጥ ክተቱና እጥፋታቸው ላይ በስቴፕለር ምቱ። ፓምፍሌት ማለት ይኸው ነው።

ብዙ ጊዜ ቃሉን «በራሪ ወረቀት» ብለን እንተረጉመዋለን። እኔ ሁለቱ ባይቀላቀሉ እመርጣለሁ። በራሪ ወረቀት ነጠላ ቅጠል ነው፤ ይታደላል፣ በቆመበት ይነበባል። ፓምፍሌት ግን ገጽ የሚገለጥለት፣ አንድን ሐሳብ ከሥሩ አንሥቶ ለመቋጨት ቦታ ያለው ጽሑፍ ነው። ዩኔስኮ በ1964 እ.ኤ.አ. ለኅትመት ቆጠራ ባወጣው መለኪያ፣ ፓምፍሌት ሽፋኑን ሳይጨምር ከ5 እስከ 48 ገጽ ያለው፣ በየጊዜው የማይወጣ ኅትመት ነው። 49ኛው ገጽ ሲጨመር መጽሐፍ ይባላል።

[ምስል፦ የብራና ጽሑፍ]

የስሙ አመጣጥ ደስ ይላል፤ ከፍቅር ግጥም ነው የተወለደው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በላቲን የተጻፈ፣ ፓምፊሉስ ስለሚባል አፍቃሪ የሚተርክ ግጥም በአውሮፓ እጅግ ተወዶ ነበር። አንባቢዎች ግጥሙን አቆላምጠው «ፓምፊሌት» አሉት፤ ትንሹ ፓምፊሉስ እንደ ማለት ነው። ቁልምጫው ቀስ በቀስ ለማንኛውም ያልተጠረዘ አጭር ጽሑፍ መጠሪያ ሆነ።

[ምስል፦ የእጅ ማተሚያ መሣሪያ]

ማተሚያ ቤቶች ሲስፋፉ ፓምፍሌት ጉልበት አገኘ። ወረቀቱ ጥቂት ነው፣ ጠራዥ አያስፈልገውም፣ ስለዚህ በርካሽ ታትሞ ክርክሩ ሳይበርድ ይደርሳል። ጸሐፊው ቶማስ ፔይን በጥር 1776 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከብሪታንያ እንዲላቀቁ የሞገተው «ኮመን ሴንስ» በተባለ ፓምፍሌት ነው። ስሙን ሳይገልጽ፣ ተራው ሰው በሚገባው ቋንቋ ጻፈው። ያነበበው ላላነበበው ጮክ ብሎ እያሰማ ክርክሩን አዳረሰው። ያን ያህል ነገር የቻለው በጥቂት ገጾች መሆኑ ዛሬም ያስደንቀኛል።

[ምስል፦ በጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን ኅትመቶች]

ዛሬ ቃሉን ከጤና ትምህርት፣ ከሃይማኖት ስብከትና ከምርጫ ቅስቀሳ ጋር እንሰማዋለን። ምርት የሚያስተዋውቀውን ባለ ሥዕል ኅትመት ብሮሹር ማለት ይቀላል።

ከፈረንሳይኛ የምትተረጉሙ ግን ተጠንቀቁ። በዚያ ቋንቋ «ፓምፍሌ» የሚባለው ሰውን ወይም ሥርዓትን በብርቱ የሚነቅፍ ጽሑፍ ነው፤ የገጹን ማነስ ብቻ አይተን «ትንሽ መጽሐፍ» ብንለው ንክሻው ይጠፋል።