አብረን እየቀበርን ለምን አንጠያየቅም?

አሰላሙ አለይኩም! እንደምን አረፈዳችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞች፣ እንኳን ለእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ በሰላም አደረሳችሁ። በር ላይ የቆማችሁ ግቡ፣ ፊት ለፊት ቦታ አለ። ፊት መቀመጥ የሚፈራው መዋጮ ያልከፈለ ብቻ ነው።

ደንባችን «ሊቀመንበሩ ጉባኤውን በንግግር ይከፍታል» ይላል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አይልም፤ ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ታገሱኝ። ሒሳቡን ሒሳብ መርማሪው፣ የድንኳኑንና የአግዳሚውን ነገር ንብረት ክፍሉ ይነግራችኋል። እኔ ማውራት የፈለግሁት እዚህ ስለተቀመጥነው ሰዎች ነው። ሙስሊም አለን፣ ኦርቶዶክስ አለን፣ ጥቂት ጴንጤዎችም አሉን። ደሴ ላይ ይህ ምንም አይገርምም። እንዲያውም ከአንድ እናት ተወልደው አንዱ ሸዋ በር መስጂድ፣ ሌላው መድኃኔዓለም የሚሄዱ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው አያቸዋለሁ።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ወሎ እኮ ሙስሊም ክርስቲያን ተዋዶ የሚኖርበት አገር ነው» ብለን ደረታችንን እንነፋለን። እንግዳው «እስቲ ጎረቤትህ ስለሚያምነው ነገር ንገረኝ» ቢለን ግን አብዛኞቻችን ከሁለት ዓረፍተ ነገር አናልፍም። ቀብር ላይ አይታችሁት የለም? የጀናዛ ሶላት ይጀመራል፣ አራት ተክቢራ፣ ማለትም አራት ጊዜ «አላሁ አክበር» ተብሎ፣ ጎንበስ ሳይባል፣ ግንባር መሬት ሳይነካ በቁም ያልቃል። የእኛ ክርስቲያኖች ከዳር ቆመው «አለቀ እንዴ?» ይባባላሉ። ፍትሐት ሲደርስ ደግሞ ሙስሊሙ ከቤተክርስቲያኑ አጥር ውጭ ስልኩን እየነካካ ይጠብቃል። ሲያልቅ አብረን እንመለሳለን፣ አብረን እጃችንን ታጥበን እንቀመጣለን። መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ወይም ጠያቂው ሊለወጥ ነው ይባላል ብለን እንፈራለን።

አንድ ነገር ቶሎ ልበልና ልለፈው። «ዞሮ ዞሮ ሁሉም አንድ ነው» የሚሉትን ንግግር አልወደውም። አንድ አይደለም። እኔ ዒሳ ነቢይ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ጎረቤቴ ኢየሱስ ክርስቶስ አምላክ ነው ብሎ ያምናል። ይህን በቡና መሐል አቻችለን የምናልፈው ነገር አይደለም፣ ማለፍም የለብንም። እኔ የምለው እምነቱን ሳልቀበል ከሰውየው መማር እችላለሁ ነው። ተምሬያለሁም።

ከማጀት ልጀምር። የእድራችንን ዕቃ ቤት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጆሯቸው አረንጓዴ የተቀቡት ድስቶች የሙስሊም ናቸው። ሌሎቹ የክርስቲያን። ጭልፋውም እንደዚያው። የአንዱን ሥጋ ሌላው ስለማይበላ አባቶቻችን ያበጁት ዘዴ ነው። ታዲያ አንድ ለቅሶ ላይ ለእርዳታ የመጣች ልጅ፣ ሳታውቅ፣ በክርስቲያኑ ወጥ ውስጥ የነበረውን ጭልፋ አወጣችና አረንጓዴው ድስት ውስጥ ከተተችው። ሙስሊሞቹ ሴቶች ውጭ እንጀራ ይቆጥሩ ነበር። ያየችው አንዲት ኦርቶዶክስ እናታችን ብቻ ናት፤ እዚሁ ስላለችና ስሟን ብጠራ ስለምትቆጣኝ ልተወው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር። እሷ ግን ድስቱን ከደነችው፣ ሴቶቹን ጠራችና «ይሄ ለእናንተ አይሆንም፣ ምስር አስመጡ» አለች። እንግዳ ደርሷል፣ ወጡ ደርሷል፣ ከወጥ ቤቱ ጩኸት ተነሳ። «ምን ቸገረሽ፣ አላዩ!» ያላትም ነበር። «እኔ አይቻለሁ» አለች።

እኔ አማና ስለሚባለው ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ መድረሳ ተምሬያለሁ። አማና ማለት በእጅህ የተሰጠህን፣ ባለቤቱ ባያይህም መጠበቅ ነው። እንዲህ ጥርት ብሎ ያየሁት ግን ክርስቲያን ሴትዮ ዘንድ ነው። ያውም የጠበቀችው የራሷን ሕግ አይደለም፣ የማታምንበትን ሕግ ነው። ለእሷ ያ ሥጋ ምንም አልሆነም። ለእኛ ሆኗል፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ሱቄ ውስጥ የጾም ዘይት ነው ብዬ የምሸጠውን ነገር በደንብ አነባለሁ። ቅቤ ገባበት አልገባበት ለእኔ ጉዳዬ አልነበረም፤ ለደንበኛዬ ግን ጉዳዩ ነው።

ወደ ቀብሩ እንመለስ። እኛ ሙስሊሞች ሰው ሲሞት ቶሎ እንቀብራለን፣ ከተቻለ በዕለቱ። ሀብታሙም ድሃውም በነጭ ከፈን ተጠቅልሎ ይገባል። ክርስቲያን ወገኖቻችን ይህን እያዩ «እንዴት ቀለላችሁ» ይሉናል። ከመሐላቸው አንድ አባት ልጆቹን ሰብስቦ «ለእኔ ተዝካር ብላችሁ እንዳትበደሩ፣ ጸሎቱን አድርሱልኝ፣ ነዳያን አብሉልኝ፣ ይበቃል» አላቸው። ሰለመ እንዳትሉ! ካህኑን ጠይቆ ነው፤ ካህኑም የተዝካር ዋናው ነገር ጸሎቱና ድሃውን ማብላቱ እንጂ የጎረቤት ፉክክር እንዳልሆነ ነግረውታል። የሌላውን አይቶ የራሱን ሃይማኖት መልሶ አገኘው ማለት ነው። እኛ ሙስሊሞችም ብዙ አንኩራ። በሰደቃ ስም ስንት በሬ ጥለን ስንት ቤት ዕዳ ውስጥ እንደከተትን ሒሳብ መርማሪው ባይነግረንም እንተዋወቃለን።

እኔ ደግሞ ከኦርቶዶክሶቹ የምቀናበት ነገር አለኝ፤ የነፍስ አባት። በእኔ እምነት በባሪያውና በአላህ መሐል የሚቆም ሰው የለም፣ ይህን አልለውጥም። ግን ዓመት በዓል ደርሶ፣ ወይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ቤቴ መጥቶ አይን አይኔን እያየ «ከማን ተጣልተሃል?» የሚለኝ ሰው ቢኖር እላለሁ። ጎረቤቴ ከወንድሙ ጋር በአባታቸው ቦታ ተካስሶ ስንት ሽማግሌ አልሰማም ብሎ ነበር። ለመቁረብ ሲነሳ ግን የነፍስ አባቱ «መጀመሪያ ሂድ ታረቅ» አሉት፤ ሄደ፣ ታረቀ። እኛም ዘንድ እኮ የሰው ሐቅ ሰውየው ራሱ ይቅር ካላለ እንደማይወርድ ሸሆቻችን ይነግሩናል። እናውቀዋለን፣ የሚጠይቀን ስለሌለ እናሳድረዋለን። አሁን ረመዳን ሊገባ ሲል እኔና ባለቤቴ ቁጭ ብለን ማንን እንዳስቀየምን እንጠያየቃለን፣ ከዚያ ወጥቼ «አፉ በሉኝ» እላለሁ። አንዳንዱ «ደግሞ ምን አደረግከኝ?» ብሎ ጭራሽ ይጠረጥረኛል።

ስለ ዘካም ገንዘብ ያዣችን ጠይቆኝ ያውቃል። ዓመት በእጅህ ከቆየ ሀብት፣ ልኩን ከሞላ፣ ከአርባ አንድ ነው ብዬ ኮራ አልኩ። «እኛ አስራት ከአስር አንድ ነው» አለኝ። አፌን ዘጋሁ። ቆይቶ አስራት ከሚገኘው ገቢ፣ ዘካ ከተቀመጠው ሀብት እንደሆነ አስረድቼው ተረፍኩ። ጴንጤዎቻችን ደግሞ የታመመ ሰው ጥየቃ ላይ ማንም አይደርስባቸውም። እኛ ብርቱካን ይዘን ገብተን አሥር ደቂቃ ተቀምጠን እንወጣለን፤ እነሱ ልብስ አጥበው፣ ልጆቹን አብልተው፣ ዘምረው ነው የሚሄዱት።

እና ይህ ሁሉ ከድሮም የነበረ ፍቅር ነው እንዳትሉኝ። አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አህመድ ጦር በዚህ አገር ሲያልፍ አብያተ ክርስቲያናት አቃጥሏል፤ መካነ ሥላሴ አንዷ ናት። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚሁ አፍንጫችን ስር፣ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ጉባኤ ጠርተው የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። የወሎው መሪ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው። እምቢ ያሉት እነ ሸህ ጠልሃ ተነሱ፣ ስንቱ ተሰደደ። ሩቅም አንሂድ፤ ጎንደር ላይ በ2014 ሚያዝያ ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት ጠብ የተነሳው ቀብር ላይ ነው። ቀብር! የእኛው ሥራ። ስለዚህ አብሮ መኖሩ በራሱ የሚቆም ነገር አይደለም፤ ያቆሙት ድስት የለዩት፣ ጭልፋ የጠበቁት ሰዎች ናቸው።

ስለ ነጃሺ በየመድረኩ ስለሚወራ ልተወው ነበር፣ ግን አንዲት ነገር ትቀራለች። የመካ ሰዎች ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን የነቢዩን ተከታዮች መልሱልን ብለው ሲመጡ ንጉሡ ወዲያው ፈረደ አይባልም። አስጠርቶ ጠየቃቸው። ነቢዩ ካመጡት ነገር በቃላችሁ የያዛችሁት አለ? ብሎ ከስደተኞቹ አንዱን፣ ጃዕፈርን፣ ጠየቀው፣ ጃዕፈርም ከሱረቱል መርየም ቀራለት ይላል የእኛ ሲራ፣ የነቢዩ ታሪክ። ክርስቲያን ንጉሥ ነው እኮ ቁጭ ብሎ የሰማው። ሁላችንም ስደተኛ በማስጠጋቱ እንኮራበታለን፣ በመጠየቁ ግን የሚኮራ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። በ2017 ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአምስት ቀን ልዩነት መግባታቸውን ታስታውሳላችሁ። በዚያው ሰሞን ለቅሶ ነበረብን። ክርስቲያኑ ሥጋም ቅቤም አይበላም፣ ሙስሊሙ መግሪብ ሳይደርስ አይቀምስም። የማጀቱ ሴቶች ምን አደረጉ? ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የምስር ሳምቡሳ ሠሩና ምግቡን ወደ ማታ አዞሩት። ክርስቲያኖቹ እስከዚያው ጠበቁን፣ ማንም አላዘዛቸውም። አዛን ሲል ቴምር ዞረ፣ ሁሉም ከአንድ ድስት በላ። አረንጓዴው ከሌላው አልተለየም። ወጪው ደግሞ፣ መዝገቡን አይቼዋለሁ፣ የበሬ ዋጋ የለበትም።

የሥራ አመራሩ ተወያይቶ ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ከእንግዲህ በእድሩ ስም የሚቀርብ የለቅሶ ምግብ ዓመቱን ሙሉ የጾም ይሁን። ቤተሰብ በራሱ ወጪ ማረድ ከፈለገ መብቱ ነው፣ ድስቶቹም አሉ። ሁለተኛ፣ ቀብር ላይ ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት የሟች ሃይማኖት ካላቸው ሽማግሌዎች አንዱ ምን እንደሚደረግ፣ የት መቆም እንዳለብን በአጭሩ ይንገረን፤ ልጆቻችን ከአጥር ውጭ ስልክ ሲነካኩ አይደጉ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፣ የተጠየቀም አይቆጣ።

ሥጋ ወዳዶች ፊታችሁ ሲጠቁር እያየሁ ነው፤ አብሽሩ፣ ገና ድምጽ አልተሰጠም። መጀመሪያ ግን ሥራው እነሱ ላይ ስለሚወድቅ የማጀቱ ሴቶች ይናገሩ። ማይኩን ወደዚያ አሳልፉት።