ከወደቅን በኋላስ? ካራቴና የመሬት ላይ ትግል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደወላችሁልን አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት አንድ ነገር ነው፦ ካራቴ የሚሠራ ሰው ትግልና የመሬት ላይ ፍልሚያ ይጨምር ወይስ ይቅርበት? ራሴም ካራቴ አሰለጥናለሁና ጉዳዩ ልቤ ላይ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ዓመት ካራቴ ሠርቻለሁ፣ ቡናማ ቀበቶ ነኝ። ትግል ከሚሠራ ጓደኛዬ ጋር ለጨዋታ ስንገጥም ወገቤን ይዞ ጣለኝ። ከዚያ በኋላ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። አሰልጣኜ ግን «መሬት ላይ መንከባለል ካራቴ አይደለም» ይለኛል። እውነት ነው? (ከአዳማ የደወለ ወጣት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትፈር። ቡጢህ ደካማ ስለሆነ አይደለም የወደቅከው። ቡጢ ጉልበቱን የሚያገኘው ከእግርና ከወገብ ነው፤ ለመወርወርም ክፍተት ይፈልጋል። ጓደኛህ ወገብህን ሲያቅፍ ሁለቱንም ቀማህ።

አሰልጣኝህን አክብረው፤ በዚህ ነገር ግን አልስማማም። የካራቴው ታላቅ መምህር ጊቺን ፉናኮሺ በ1922 እ.ኤ.አ. የካራቴ መነሻ ከሆነችው የጃፓን ደሴት ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ መጥቶ ካራቴን ካሳየባቸው ቦታዎች አንዱ የጁዶው መሥራች የጂጎሮ ካኖ ቤት፣ ኮዶካን ነበር። ፉናኮሺ ራሱ በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የካራቴ መጽሐፍ ውስጥ ሰው የሚጣልባቸው ዘጠኝ ስልቶች አሉ። ዋዶ ርዩ የሚባለው የካራቴ ስልት መሥራች ሂሮኖሪ ኦትሱካም ወደ ካራቴ የመጣው ከጁጁትሱ፣ ከጃፓኑ የመያዝና የመጣል ጥበብ ነው። ኦኪናዋ ውስጥ ደግሞ ቴጉሚ የሚባል ትግል ነበር። እኛም በልጅነታችን ሰፈር ሜዳ ላይ «ና እንታገል» ተባብለን በጠለፋ ስንጣጣል አልነበር? እንደዚያው ነው።

መጽሐፉን ተወው፣ የራስህን እጅ እየው። ኦይ ዙኪ፣ ማለትም ወደ ፊት እየተራመድክ ቡጢ ስትመታ ሌላኛው እጅህ ተጨብጦ ወደ ወገብህ ይመለሳል። ሂኪቴ የምንለው ነው። ለምን እንደሚመለስ ብትጠይቅ ብዙዎች «ለኃይል ነው» ይሉሃል። አንድ ጓደኛህን ፊት ለፊትህ አቁመውና የእጁን አንጓ ያዝ። ከዚያ በሂኪቴ ወደ ወገብህ ሳበው። ሰውየው ወደ ፊት ይንገዳገዳል፤ ፊቱ ራሱ ወደ ቡጢህ ይመጣል። ያ እጅ መጀመሪያውኑ ባዶውን የሚመለስ እጅ አልነበረም።

መያዝና መጎተት ካታው ውስጥ፣ ብቻችንን በቅደም ተከተል በምንሠራው የእንቅስቃሴ ልምምድ ውስጥ፣ አለ። የጠፋው ከልምምዳችን ነው። ውድድር ላይ ሁለቱ ሲተቃቀፉ ዳኛው «ያሜ!» ብሎ ያቆማቸዋል። እኛም ለነጥብ ስንለማመድ ከ«ያሜ» በኋላ ያለውን ረሳነው። እንዲያም ሆኖ በዓለም ካራቴ ፌዴሬሽን ሕግ የወደቀ ተጋጣሚ ላይ ወዲያው ንጹሕ ምት ያሳረፈ ሦስት ነጥብ ያገኛል።

ብራዚላዊውን ሊዮቶ ማቺዳን ተመልከት። በአባቱ እጅ ሾቶካን የሚባለውን የካራቴ ስልት ተምሮ ያደገ ነው፤ በብራዚል ጁጁትሱም ጥቁር ቀበቶ አለው። በ2009 እ.ኤ.አ. ምትም ትግልም በሚፈቀድበት የዩኤፍሲ ውድድር ሻምፒዮን ሲሆን ያሸነፈው በካራቴ ምቱ ነበር። እኔ እንደማየው፣ ወድቆም መነሣት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ቡጢውን ሳይሰስት ይወረውራል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ክለብ አለን። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከየት እንጀምር? (ከሐዋሳ የደወሉ አሰልጣኝ)

መልስ፦ ሲሚንቶ ላይ ማንንም እንዳትጥሉ። ሣር ሜዳ ፈልጉ፣ ወይም ስፖንጅ ፍራሽ ደርድራችሁ በሸራ ወጥሩት።

ማነቅና ክንድ መቆልመም ይቆያችሁ። ልጆቹ የሚጓጉት ለእሱ እንደሆነ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ወር ግን የአወዳደቅ ይሁን። ከቁጢጥታ ይጀምሩ፤ አገጭ ደረት ላይ፣ ጀርባ ክብ፣ መዳፍና ክንድ መሬቱን ጠፍ! ጭንቅላት መሬት እንዳይነካ። ሲወድቅ እጁን ወደ ኋላ የሚዘረጋ ልጅ ካያችሁ አስቁሙት። የእጅ አንጓ የሚሰበረው እንደዚያ ነው።

ቀጥሎ አነሣስ። ልጁ መሬት ላይ ይቀመጥ። ግራ እጁን ከኋላው ይትከል፤ ቀኝ እግሩን አጥፎ ይርገጥ፤ ቀኝ ክንዱ ፊቱን ይሸፍን። አሁን መቀመጫውን ያንሣና ግራ እግሩን ከሥሩ አሳልፎ ወደ ኋላ ይውሰድ። ቀና ሲል እግሮቹን እዩአቸው። ዜንኩትሱ ዳቺ፣ የፊት እግር ታጥፎ የኋላው የሚዘረጋበት የካራቴ አቋቋም፣ ላይ ቆሟል! ይህን ሳሳይ የልጆቹ ዓይን ሲበራ ማየት በጣም ደስ ይለኛል።

ከእያንዳንዱ ልምምድ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ካታውን አትቀንሱ። በአካባቢያችሁ የጁዶ አሰልጣኝ ካለ ጋብዙት፤ እናንተም ከልጆቹ ጋር ተሰልፋችሁ ተማሩ።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ጠብ ቢነሣ መሬት ላይ ይዤው ልታገል? (ከዱባይ የደወለ አድማጭ)

መልስ፦ አይሆንም። አስፋልቱ ጉልበትህን ይልጠዋል፤ ጓደኛው ከኋላህ ይመጣል፤ ቢላ ቢይዝም አታይም። መሬት ላይ የምትማረው ተነሥተህ ለመሄድ ነው። ከካራቴ የወጣው ኩዶ እንኳ፣ ሰው መጣልንም ማነቅንም እየፈቀደ፣ የመሬቱን ትግል በ30 ሴኮንድ ይገድበዋል።

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመት ልጄ ካራቴ ትማራለች። አሁን ማነቅ ሊያስተምሯት ነው አሉ። ፈራሁ። (አንዲት እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ መፍራትዎ ልክ ነው። በደንብ የተያዘ አንገት አዋቂን ሰው እንኳ በአሥር ሴኮንድ ገደማ ራሱን እንዲስት ያደርገዋል። በጃፓን የጁዶ ውድድር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ማነቅም ክንድ መቆልመምም አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ አሰልጣኙን «ለእሷ ይቆይ» ይበሉት። መውደቅ፣ መነሣት፣ ከሥር ሆኖ ማምለጥ ግን ትማር፤ ለሴት ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ቀንም ሄደው ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ልጅቷ የያዛትን ልጅ በእጇ መታ መታ ስታደርገው ወዲያው ይለቃታል? አሰልጣኙስ ያየዋል? ሳይለቅ ቀርቶ አሰልጣኙ በዝምታ ካለፈው፣ ልጅዎን ይዘው ይውጡ።