ሪድ ሪቻርድስ እውነት ሁሉን ያውቃል?

ሰላም ሰላም! ዛሬ ተረኛው ሪድ ሪቻርድስ ነው። የፋንታስቲክ ፎር አለቃ፣ ማለትም በማርቭል ኮሚክ (የሥዕል ታሪክ መጽሔት) ላይ ያሉት የአራት ልዕለ ጀግኖች ቡድን መሪ፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1961 እ.ኤ.አ. ከፈጠሩት ወዲህ ሰውየው የማይነካው ሙያ የለም። ሮኬት? እሱ። ሕክምና? እሱ። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር? አምጡት፣ እሱ! ይሄ ሁሉን አዋቂ ታዲያ በመጀመሪያው እትም ምን ሠራ? አብራሪው ቤን ግሪም «የጠፈር ጨረሩ ያሰጋል» እያለው፣ በቂ መከለያ በሌላት መንኮራኩር ተነሣ። አራቱም በጨረር ተመቱ። ወይ አዋቂ!

እኔ እሱን ሳይ የሚመጣብኝ የሠርግ ድግስ ነው። ታገሡኝ፣ ይቺን ምሳሌ እወዳታለሁ። ድግስ ቤት ጠላ ጠማቂ አለች፣ ጠጅ ጣይ አለች፣ እንጀራ ጋጋሪ አለች፣ ዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ የምታወጣ ባለሙያ አለች። እነዚህን ሁሉ አሰናብቱና አንዲት ሴት ብቻ አስቀሩ። ሁሉንም ትችላለች እንበል። ይሁን! ግን ሽንኩርት የሚያቁላላው እጅ በዚያው ሰዓት ምጣድ ሊያስስ አይችልም። ጠጁስ? ጠጅ ባለሙያ መጣች ብሎ በአንድ ሌሊት አይደርስም! ሪድ ግን ዓርብ ማታ ጥሎ ቅዳሜ ጠዋት ይቀዳል።

ሳይንሱም ይኸው ነው፣ ጊዜም ብዙ እጅም ይፈልጋል፤ ቶሎ ልበለው። ማሪ ኩሪ በፊዚክስም በኬሚስትሪም ኖቤል ወስዳለች። ራዲየም የሚባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር መኖሩን ከባሏ ጋር በ1898 እ.ኤ.አ. አሳወቀች፤ አንድ አሥረኛ ግራም ራዲየም ክሎራይድ ለማጣራት ግን እስከ 1902 ማዕድን ስታፈላ ከረመች። በ2015 እ.ኤ.አ. የሂግስ ቦዞንን፣ ማለትም ከአቶም እጅግ ያነሰች አንዲት ቅንጣትን፣ መጠነ ቁስ ያሳወቀው ጽሑፍ ደግሞ ከ5,000 በላይ ጸሐፊዎች አሉት። ኮሚክ ላይ 5,000 ሰው ማን ይስላል? አንድ ሪድ ይበቃል። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ በዚህ አጋጣሚ!

ኮመንት ላይ የበዛው ነገር ግን ይሄ ነው፦ «ዶክተር ዱም ይበልጠዋል፣ ዶክተር ነው እኮ!» ዱም እዚያው ኮሚክ ላይ የሪድ ዋና ጠላት ነው። ኧረ በሕግ አምላክ! ዱም ከዩኒቨርሲቲ የተባረረ ሰው ነው። ማሽን ሠራ። ሪድ ስሌቱን አየና «ስህተት አለበት» አለው። አልሰማም። ፈነዳ! ፊቱም ተጎዳ፣ ትምህርቱም እዚያው ቀረ። እንደኔ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ያኛው ቤንን አልሰማ፣ ይሄኛው ሪድን አልሰማ። «ዶክተር» የሚለውንስ ከየት አመጣው? ሰውየው ላትቬሪያ የምትባል የኮሚክ አገር ገዢ ነው፣ ብረት ለብሷል። ዲግሪህን አሳየኝ የሚለው ደፋር ካለ ይሂድና ይጠይቀው፣ እኔ የለሁበትም።