የድሮ ግራሞፎን ኒኬል፦ ይወልወል ወይስ እንደገና ይለበጥ?

ሰብለ፦ ዛሬ የምናወራው የድሮ ግራሞፎንና ፎኖግራፍ፣ ማለትም በእጅ እየተጠመዘዙ ሙዚቃ የሚያጫውቱ ማሽኖች፣ የብረት ክፍሎች ላይ ስለተለበጠው ነጭ ብረት፣ ስለ ኒኬል ነው። ብዙ ሰው ማሽኑ እጁ እንደገባ "ይሄማ አልቆለታል፣ እንደገና ይለበጥ" ይላል።

ሄኖክ፦ እኔ ደግሞ አትቸኩሉ ባይ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ኒኬሉ አለ። የደበቀው ከላይ የተጋገረው ዘይት፣ አቧራና የሲጋራ ጭስ ነው። ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ስታብሺው ቢጫው ሁሉ ጨርቁ ላይ ይወጣል።

ሰብለ፦ ሳይፈታ ነው የሚታበሰው?

ሄኖክ፦ ኧረ በፍጹም! መጀመሪያ የድምፅ ሳጥኑ፣ መርፌው የሚሰካበት ክብ ክፍል፣ ይነቀላል። ውስጡ ያለችው ስስ ማይካ፣ እየተንቀጠቀጠች ድምፁን የምታወጣው የማዕድን ቅጠል፣ እና ዙሪያዋን የያዛት ጎማ ውሃ ሊነካቸው አይገባም። እንጨቱንም ጠብቂው፤ ቅባቱ ብዙ ጊዜ ሼላክ የሚባል የተፈጥሮ ሙጫ ስለሆነ አልኮል ያለበት ማጽጃ ያሟሟዋል።

ሰብለ፦ ታጥቦም ከደበዘዘስ?

ሄኖክ፦ ያኔ ለስላሳ የብረት መወልወያ፣ እሱንም መጀመሪያ በማይታይ በኩል ሞክረሽ። አሞኒያ ያለበትን ግን ተዪው፤ ልባጡ በሳሳበት ገብቶ ከሥር ያለውን ናስ ይበላል። ስትወለውዪ ዓይንሽ ከዕቃው ላይ አይነሳ። ጨርቁ ቢጠቁር አትደንግጪ። የማዞሪያው እጀታ ላይ፣ ጣት ሲነካው የኖረበት ጠርዝ ላይ ወርቅማ ቀለም ብቅ ካለ ግን እዚያው አቁሚ። እሱ ናሱ ነው፣ ኒኬሉ እዚያ ጋ አልቋል።

ሰብለ፦ እኔን የሚያሳዝነኝ ቀያይ ነጥብ ያወጣው ነው።

ሄኖክ፦ እሱ ከሥሩ ብረት ያለበት ነው። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲጫር ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያተርፈዋል። ኒኬል ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ እርጥበት ሲገባ የሚበላው ብረቱ ነው። ለዓይን በማትታይ ቀዳዳ የጀመረው ዝገት ከሥር እየሰፋ ልባጡን ወደ ላይ ይገፋዋል። እኔ ስስ ዘይት ቀብቼ አሳድረውና በተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል ቀስ እያልኩ አሸዋለሁ። ከዚያ ዘይቱን ጠርጌ ሰም እቀባለሁ። ነጥቡ ይቀራል፣ ዝገቱ ግን ይገታል።

ሰብለ፦ ጭራሽ ከተላጠስ?

ሄኖክ፦ እንግዲህ ይለበጣላ። ግን ለባጩን በደንብ አነጋግሪው። አይዛክ አዳምስ በአሜሪካ የኒኬል ልባጥ ፓተንቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። የዚያ ዘመን ኒኬል ዕቃው ከሚነከርበት የመለበጫ ፈሳሽ ገንዳ ሲወጣ ደብዛዛ ነበር፤ ብርሃኑን ያገኘው በውልወላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ኦሊቨር ዋትስ ያቀረበው ኒኬል ሰልፌት፣ ኒኬል ክሎራይድና ቦሪክ አሲድ ያለበት ገንዳ ዛሬም ይሠራበታል፤ አሁን ግን የሚያንጸባርቅ ኬሚካል ይጨመርበታል። ያንን አሮጌ ማሽን ላይ ስታይው እንደ መስታወት ያበራል፣ ዘመኑን አይመስልም። ስለዚህ "ደብዛዛ ኒኬል ለብጠህ በእጅ ወልውልልኝ" በዪው።

ሰብለ፦ ክሮም ቢሆንስ?

ሄኖክ፦ አይሆንም! ክሮም ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ኒኬል ሞቅ ያለ ቢጫማ ነው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ደግሞ ከልባጥ በፊት በሞተር ሲፋቅ የተቀረጸው የፓተንት ቀንና ቁጥር ይጠፋል። እሱ አንዴ ከጠፋ የሚመልሰው የለም። እኔ ፊደል ያለበትን ክፍል ቢያረጅም እንዳለ ነው የምተወው።

ሰብለ፦ ቤት ውስጥ በኮምጣጤና በባትሪ የሚለብጡም አሉ።

ሄኖክ፦ ለትንሽ ብሎን ይሠራል፣ ኮምጣጤው ውስጥ የሚነከር ንጹህ ኒኬል ካለሽ። በኒኬሉ ፋንታ የማይዝግ ብረት መንከር ግን አደገኛ ነው፤ ውስጡ ክሮሚየም ስላለ መርዛማ ውህድ ይወጣዋል። የኒኬሉ አረንጓዴ ፈሳሽ ራሱ ቆዳ ያስቆጣል፣ ለጤናም ጠንቅ ነው። ጓንት ይደረጋል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ወደ ፍሳሽ አይደፋም። የድምፅ ሳጥኑን የሚይዘው ክንድ ከቀለጠ ዚንክ ቅይጥ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ኮምጣጤው አጠገብም አይድረስ። አሲዱ ራሱን ክንዱን ይበላዋል፤ እሱ መጀመሪያ መዳብ መልበስ ስላለበት ሥራው የባለሙያ ነው።