ነጩ የረጋ፣ አስኳሉ የሚፈስ፦ እንቁላል በኦቨን

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን፤ ከፒያሳ ነን። የዛሬው እንቁላል በኦቨን ነው። ቅቅልም ጥብስም አይደለም። ነጩ እንደ እርጎ ይረጋል፣ አስኳሉ ዳቦ ሲያገኘው ይፈሳል።

ዮናስ፦ ችግሩ ከእንቁላሉ ተፈጥሮ ይጀምራል። ነጩ 62 ዲግሪ አካባቢ መርጋት ይጀምርና በደንብ የሚጠነክረው ወደ 80 ሲጠጋ ነው። አስኳሉ ግን 65 ላይ ወፍሮ 70 ላይ ይረጋል። እኛ የምንፈልገው የዚህን ግልባጭ ነው።

ሄለን፦ መፍትሔውስ?

ዮናስ፦ ሙቀቱ ከታችና ከዳር በዝግታ ይግባ። አስኳሉ መሃል ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል። ሳህኑን ውሃ ያለበት ትሪ ላይ የምናስቀምጠውም ለዚህ ነው፤ ኦቨኑ 180 ቢሆንም ውሃው ከመፍያው አያልፍም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዝቅ ላለ አገር የተጻፈን ደቂቃ እንዳለ ከወሰዳችሁ ነጩ ጥሬ ሊቀር ይችላል።

ሄለን፦ እሺ፣ ወደ መጠኑ። ለአንድ ሰው 150 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ እሳት የሚችል ጎድጓዳ ሳህን። ውስጡን በአንድ የሻይ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ቀቡት። አንድ የፈረንጅ ወይም ሁለት የሐበሻ እንቁላል፤ የሐበሻው ትንሽ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይውጣ።

ዮናስ፦ መጀመሪያ ሲኒ ላይ ስበሩት። የቆየ እንቁላል ነጩ ቀጥኖ ይፈሳል፤ ቀጭኑን በወንፊት አጥልሉት፣ ወፍራሙ ይበቃል። ጨው ከታች፤ አስኳሉ ላይ ከተነሰነሰ ነጠብጣብ ያወጣል።

ሄለን፦ ኦቨኑ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይሙቅ። ማራገቢያ ካለው 160 ይበቃል። የፈላ ውሃ ትሪው ላይ አፍስሱ፣ የሳህኑ ግማሽ ድረስ። ቀዝቃዛ ውሃ ከሆነ ሰዓቱ ሁሉ ይዛባል።

ዮናስ፦ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ኦቨኖች የላዩ እሳት በጣም ቅርብ ነው፤ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርጉት። ሳይከደን ሲበስል አስኳሉ እንደ መስታወት ያበራል። በፎይል ከተሸፈነ እንፋሎቱ ስስ ነጭ ሽፋን ያለብሰዋል። ለእኔ ያልተከደነው ይሻላል።

ሄለን፦ መቼ ይውጣ?

ዮናስ፦ ከ12ኛው ደቂቃ ጀምሮ እዩት። ትሪውን ነቅነቅ አድርጉት፤ ነጩ እንደ እርጎ አንድ ላይ ከተንቀጠቀጠ ደርሷል። እንደ ውሃ ከተወዛወዘ አንድ አንድ ደቂቃ እየጨመሩ ማየት ነው። ሙሉ በሙሉ ረግቶ እስኪታይ ከጠበቃችሁ አልፏል፤ ሳህኑ የያዘው ሙቀት ማብሰሉን ይቀጥላል። ወዲያው ከውሃው አውጡት።

ሄለን፦ በጣባ ለሚሠሩ ይህ የበለጠ ይመለከታቸዋል። ሸክላ ሙቀት ስለሚይዝ ሁለት ደቂቃ ቀደም ይበል። ጣባው ደግሞ የተሟሸ ይሁን፤ ከቀጨኔ አዲስ ገዝቶ በዚያው ቀን ኦቨን ውስጥ መክተት ማሰንጠቅ ነው። ቀዝቃዛ ጣባም ትኩስ ኦቨን ውስጥ በአንዴ አይግባ፤ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ አቆዩት።

ዮናስ፦ በስልስ የሚወዱ ደግሞ ትሪና ውሃ አያስፈልጋቸውም፤ የውሃውን ሥራ ስልሱ ይሠራዋል። ግን ማንኪያ ሲያልፍበት የድስቱ ወለል እስኪታይ ይንተክተክ። ቀጭን ከሆነ ነጩ ተበትኖ ከቲማቲሙ ይደባለቃል። ጎድጎድ አድርጋችሁ እንቁላሉን ጨምሩ፣ 180 ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ።

ሄለን፦ ስልሱም ትኩስ ይሁን። ሰዎች ከፍሪጅ አውጥተው እንቁላል ይሰብሩበታል፤ ከላይ አስኳሉ ይደርቃል፣ ከታች ነጩ ጥሬ ነው።

ዮናስ፦ መብራት መሃል ላይ ከጠፋ በሩን አትክፈቱ፤ የሞቀ ኦቨን ለአንድ ሁለት እንቁላል የሚበቃ ሙቀት ሊኖረው ይችላል። ደቂቃውን ግን እርሱት፣ በመነቅነቅ ፈትሹ።

ሄለን፦ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለአረጋውያን አስኳሉም ይርጋ፤ አራት አምስት ደቂቃ ጨምሩበት። ለሌላው ሰው ትኩስ ፎርኖ ዳቦና ሚጥሚጣ አቅርቡ። ሚጥሚጣው ኦቨን አይግባ፣ ያርራል።